ለአራተኛው ዝርዝር አንድ ሰው

ሴፕቴምበር 9

አዲሱ የመኮንኖች ምዘና መመሪያ ዛሬ ከዋናው ከተማ ከአሱንሲዮን ደረሰ። አርባ ሁለት ገጽ። ኮሎኔል ፍሬቴስ አንዴ ገለጥ ገለጥ አደረጉትና በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፉት።

«አንብበህ ባጭሩ ንገረኝ። የኔ ዓይን ለእንዲህ ያለ ደቃቅ ፊደል አይሆንም።»

በቀትር እረፍት አነበብኩት። ነገሩ ይኸው ነው። በሥሬ ያሉትን ሦስት ሻምበሎች የምመዝነው እኔ ነኝ። ከሦስቱ አንዱ፣ ወደድንም ጠላንም፣ አራተኛው ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። አራተኛው ዝርዝር የገባ መኮንን አዲስ ዓመት ሳይብት ከሠራዊቱ ይሰናበታል። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሯል፤ ሻምበሎቹም ስለ እኔ በታሸገ ፖስታ ነጥብ ይሰጣሉ። ያ ነጥብ ኮሎኔሉ ከሚሰጡኝ ጋር ተደምሮ ሌተና ኮሎኔል መሆን አለመሆኔን ይወስናል።

ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ለኮሎኔሉ ነገርኳቸው። «ሦስቱም ደህና ሠራተኛ ቢሆኑስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ቪልያልባ፣ እኔ በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ ሦስት ደህና ሰው በአንድ ጦር ሰፈር አላየሁም። አንተ ካየህ አንተው አራተኛ ግባ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዘጠኝ ዓመት ሻለቃ ነኝ። ሁለት ጊዜ ታልፌያለሁ። ሦስተኛ የታለፈ ወደ ቤቱ ነው።

ሴፕቴምበር 11

በመኮንኖች ክበብ ከዚህ ወሬ በቀር ሌላ የለም። ቀዝቃዛው የቅጠል መጠጥ፣ ቴሬሬው፣ በቀንድ ዋንጫ ሲዞር ሮሎን ጀመረ። ሮሎን ከሦስቱ ሻምበሎች የሚጠጣው ነው። ከቁርስ በፊትም ይጠጣል።

«ቅጹን የሚሞላው እስክሪብቶ እንዳይመስላችሁ፤ ስልክ ነው። እኔ አጎቴ በሕይወት እስካለ ድረስ አምስት ነኝ። የሞተ ዕለት አንድ እሆናለሁ።»

«ለቁመናና ለንጽሕና አምስት ነጥብ፣ ለቆራጥነትም አምስት ነጥብ» አለ ጋኦና። ይሄኛው ዝምተኛው ነው፤ ወደዚህ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። «ጢሙን የተላጨ ፈሪና ያልተላጨ ጀግና እኩል ወጡ ማለት ነው።»

ደርሊስን ጠየቁት። ደርሊስ አያላ፣ ሦስተኛው፣ አበልጄ ነው። የእሱንና የሚስቱን የሱኒልዳን ልጅ ሮሲዮን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ።

«እኔ ባላነበው ይሻለኛል» አለ። «ጠዋት ተነስቼ ሥራዬን እሠራለሁ። የሚጽፍ ሰው ያየውን ይጽፋል።»

ሮሎን እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይሄ ሰውዬ ወይ ቅዱስ ነው ወይ ጅል ነው። ለሁለቱም ደግሞ ቅጹ ላይ ሳጥን የለም።»

አራተኛው ሮሎን ነው። ይህን ለመወሰን አርባ ሁለት ገጽ አያስፈልግም።

ሴፕቴምበር 20

ነገ ጠዋት ሊመጣ የነበረው የጄኔራሉ ጉብኝት ለዛሬ ተዛወረ። ዜናው የቀደመን በሁለት ሰዓት ብቻ ነው። የደርሊስ ሻምበል ጦር ከወንዙ ማዶ ልምምድ ላይ ነው። ጄኔራሉ ሲደርሱ በሜዳው ተሰልፈው መገኘት አለባቸው። በሬዲዮ ጠራሁት።

«አሁኑኑ አስነሳቸው።»

«ሻለቃ፣ የሰሜኑ ትኩስ ነፋስ ተነስቷል። ውሃ ጫኙ መኪናም ገና አልደረሰልንም። አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲበርድ ልነሳ።»

«አሥር ሰዓት ላይ ጄኔራሉ ሄደዋል። ተነስ።»

ከዚያ «ታዝዣለሁ» አለ።

ሴፕቴምበር 21

ትናንት በጉዞው አሥር አለቃ ኦርቲጎሳ መንገድ ላይ ወደቀ። ሌሎች አራትም ወድቀው ተነስተዋል፤ እሱ አልተነሳም። በሄሊኮፕተር ወደ ዋና ከተማ ሆስፒታል ተወሰደ። ጄኔራሉ መጥተው ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ከመኪናቸው አልወረዱም።

ሴፕቴምበር 28

ኦርቲጎሳ ዛሬ ሞተ። ኩላሊቱ።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። «ጉዞውን የመሩት ሻምበል አያላ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት የለውም። መርቷቸዋል። ስለ ሬዲዮው የሚጠይቅ ሳጥን የለም።

ኦክቶበር 2

የኦርቲጎሳ እናት የልጇን ሻንጣ ልትወስድ መጣች። አጭር ሴት፣ ጥቁር ሻርፕ። ቢሮዬ ውስጥ ደርሊስና እኔ ነበርን።

«በዚያ ሰዓት ሂዱ ያላቸው ማነው?» አለች። አልጮኸችም። መንገድ እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችው።

እኔ አፌን ልከፍት ነበር። በእርግጥ ልከፍት ነበር። ደርሊስ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ የመራኋቸው እማማ» አለ።

ሴትዮዋ ብዙ አየችው። ከዚያ ሻንጣውን ከእጁ ተቀበለችና ሄደች።

ለምን እኔ ፊት አለው? ውለታ ውዬልሃለሁ ማለቱ ነው? ወይስ ያዘዝከው አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ ማለቱ? እኔን አላየኝም። መስኮቱን ነበር የሚያየው። አንድ ነገር በሆዱ የያዘ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።

ኦክቶበር 5

የታሸገው ፖስታ። እሱን ሳስብ ነው የምውለው። ሮሎን ምንም አይጽፍም፤ ስካሩን እንዳልጽፍበት ይለማመጠኛል። ጋኦና መሃል መሃሉን ይሰጣል። ደርሊስ ግን ስለ ሬዲዮው ቢጽፍ? ሁለት መስመር ይበቃዋል።

እሱ እንደዚያ ያለ ሰው አይደለም። ግን እንደዚያ ያልሆነ ሰው ነው እውነቱን የሚጽፈው።

ኦክቶበር 8

አንቀጽ 17ን በአጋጣሚ አየሁት። «አራተኛው ዝርዝር ውስጥ የገባ መኮንን ስለ አለቃው የሰጠው ነጥብ አይቆጠርም።» በቂም እንዳይጽፍ ይመስላል። ጥሩ አንቀጽ ነው። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ ያነበብኩትን ነው የመዘገብኩት።

ኦክቶበር 15

ኮሎኔሉ አስጠሩኝ። በሩን ዝጋ አሉ።

«ሮሎንን አትንካ። ትናንት ተደውሏል።»

«ኮሎኔል፣ ሰውየው ባለፈው ሳምንት የጥበቃ ማማው ላይ ተኝቶ…»

«ተደውሏል አልኩህ። ጋኦናን ደግሞ ውጭ አገር ትምህርት ልልከው ነው፤ አራተኛ የገባ ሰው አልልክም።» ሲጋራቸውን አጠፉ። «መቁጠር ትችላለህ አይደል? የቀረውን ቁጠር።»

«አያላ ምንም ጥፋት የለበትም።»

«መዝገቡ ላይ የለበትም። መመሪያው ደግሞ ያለ ተጨባጭ ጥፋት ዝቅተኛ ነጥብ አይቀበልም።» ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። «በኦክቶበር መጨረሻ እንዲኖርበት አድርግ። ደግሞ አስብ፤ የኔም ቅጽ አለ፣ ስለ አንተ። ‹ያለ ስሜት የመመዘን ችሎታ› የሚል ሳጥን አለው።»

ወጥቼ ስሄድ ደርሊስ ሜዳው ላይ ነበር፣ ለምልምሎቹ ጉልበቱ አፈር እስኪነካ ተንበርክኮ የጫማ አስተሳሰር ያሳያል። ሻምበል ይንበረከካል? ይህም ሊጻፍ ይችላል። ደካማ ነው ግን።

ኦክቶበር 19

የብርድ ልብስ ቆጠራ አዘዝኩት። ሁሉም ተገኘ።

ተሽከርካሪዎች። ሁሉም በሰዓቱ።

የሌሊት ጥበቃ ደብተር። በእጁ ጽሕፈት፣ ልቅም ያለ። እንዲህ ያለ ሰው ያናድዳል። ሌሎቻችን ተሳስተን ነው የምንኖረው።

ኦክቶበር 22

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደርሊስ ቢሮዬ መጣ። ቀበቶውን እንደታጠቀ፤ ተረኛ መኮንን ነው ዛሬ። ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«አበልጄ፣ ሮሲዮ ናት። ትርፍ አንጀት ነው ብለዋል፣ ኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል አስገብተዋታል። ሱኒልዳ ብቻዋን ናት።»

«ምን ቆመሃል ታዲያ? ሂድ እንጂ።»

«ተረኛ ነኝ። የፈቃድ ወረቀት…»

«ወረቀቱን ነገ እንሠራዋለን። በአንተ ፋንታ እኔ አለሁ። ሂድ፣ መኪናዬን ውሰድ።»

እጄን ጨበጠኝ። ጸሐፊው ሃምሳ አለቃ ካታሊኖ በሩ አጠገብ ማኅተም ሲያደርቅ ነበር። ደርሊስ ከሄደ በኋላ «እግዜር ይማራት ልጅቱን» አለኝ።

ይህን በምጽፍበት ሰዓት ሙሉ ልቤ ለልጅቱ ነው። እንደዚያ ነው። ስናገርም ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ኦክቶበር 23

ሮሲዮ ደህና ወጥታለች። ደርሊስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሶ ልብሱን ሳይቀይር ሰልፍ ላይ ቆመ። «ያንን ወረቀት» አለኝ ሲያልፍ። «ቆይ» አልኩት።

ኦክቶበር 26

ወረቀቱን አልሠራሁትም። ረሳሁት ማለት አልችልም።

ካታሊኖን የጥፋት መዝገቡን አምጣ አልኩት። እየነገርኩት ጻፈ፤ «ሻምበል ደርሊስ አያላ፣ ተረኛ መኮንን ሳሉ፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከኦክቶበር 22 ማታ እስከ 23 ንጋት ቦታቸውን ጥለው ሄደዋል።» ሃምሳ አለቃው ግማሽ ላይ እጁ ቆመ።

«ሻለቃ፣ እርስዎ አልነበሩም እንዴ ሂድ ያሉት? እኔ እዚያ ነበርኩ።»

«ወረቀት አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው አልነበርክም።»

ጻፈ። ካታሊኖ ሁለት ዓመት ነው የቀረው ለጡረታው፤ አምስት ልጆች አሉት። ጥሩ የእጅ ጽሕፈት አለው።

ኦክቶበር 30

ቅጹን ሞላሁ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ። ቃላቱን መምረጥ ከባድ ነው፣ ሰው አያውቅልንም።

ታማኝነት፦ ሁለት። «ለቤተሰቡ ያለው ታማኝነት ለግዳጁ ካለው ይበልጣል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ጥሩ ወጥቷል።

የውሳኔ ችሎታ፦ አንድ። «ሴፕቴምበር 20 ቀን የመራው ጉዞ ለአንድ አሥር አለቃ ሞት ምክንያት ሆኗል።»

ቁመናና ንጽሕና፦ አምስት ሰጠሁት። አድሎ እንዳይመስል።

ኖቬምበር 6

ተመዛኙ ቅጹን አንብቦ መፈረም አለበት። ደርሊስን አስጠራሁት። ተቀመጥ አልኩት፤ ቆሞ አነበበ። ሁለት ጊዜ። አንድ ቦታ ላይ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ልጅ እንደሚያነብ።

«ቦታዬን ጥዬ የሄድኩት መቼ ነው?» አለ።

«ቀኑ ተጽፏል።»

«ሂድ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«በጽሑፍ አይደለም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገ፣ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ። አንድ ነገር ሊናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ ቅጹ ላይ ሊጻፍ ይችላል።

«መኪናህንም ሰጥተኸኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ነዳጁንም ሞልተኸው ነበር።»

«ደርሊስ፣ ከሦስት አንድ ሰው ነው የተባለው። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።»

«የት ነው የምፈርመው?» አለ። ከዚያ፣ እስክሪብቶውን ሲያነሳ፣ «የት ልፈርም፣ ሻለቃ? እርስዎ ያሳዩኝ።»

አሥራ አንድ ዓመት አንተ ነበር የሚለኝ።

ኖቬምበር 7

የታሸጉት ፖስታዎች ተሰበሰቡ። አራተኛ የገባውም መስጠት አለበት፤ አይቆጠርም እንጂ። ካታሊኖ ሦስቱንም ለኮሎኔሉ አስረከበ። የደርሊስ ፖስታ ወፍራም ነበር። ይጻፍ። አይቆጠርም።

ኖቬምበር 9

ሚስቴ ኒሚያ ሰማች። ከማን እንደሰማች አልጠየቅሁም፤ የመኮንኖች ሚስቶች ከሬዲዮ ይፈጥናሉ። ካሳቫ እየላጠች ነበር፣ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ ጠየቀችኝ።

«ልጅቱ ሆዷ ተቀዶ በተኛችበት ሌሊት ነው?»

«ቀኑን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም።»

«የክርስትና ልጅህ ናት።»

«እኔ የመዘንኩት አባቷን ነው።»

መላጧን ቀጠለች። እራት አቀረበች፣ ጥሩ እራት። አብራኝ አልበላችም።

ኖቬምበር 20

ደርሊስ ዛሬ ለቀቀ። የቤት ዕቃው በአንድ ከብት ጫኝ መኪና ነው የሄደው። ሥነ ሥርዓት አልነበረም፤ ለአራተኛ ዝርዝር ሥነ ሥርዓት የለም። ነገር ግን መኪናው ሜዳውን ሲያልፍ የእሱ ሻምበል ጦር ከየሥራው ተነስቶ በሁለት ረድፍ ቆመ። ማን እንዳዘዛቸው አላወቅሁም። ካታሊኖን ጠየቅሁት።

«ማንም አላዘዘም» አለ።

«ማንም ሳያዝዝ ሰልፍ የለም።»

«እንግዲያው ሰልፍ አልነበረም፣ ሻለቃ።»

ይህን ሰው ዘንድሮ በሃምሳ አለቆቹ ቅጽ አገኘዋለሁ።

ኖቬምበር 27

ኮሎኔሉ አስጠሩኝ። በሩን ዝጋ አላሉም፤ ይሄ መጥፎ ምልክት ነው።

«ወደቅህ» አሉ። «በሁለት ነጥብ።»

መሬቱ አልተንቀጠቀጠም። ወንበሩን ያዝኩ ብቻ።

«እኔ ደህና ነው የሰጠሁህ። ሮሎን ነው የገደለህ። ከላይ እስከ ታች አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ‹ጓደኛውን የሚሸጥ ሰው ነገ እኔን ይሸጠኛል› ብሎ ጽፏል። የሰካራም ጽሕፈት ነው ግን ይነበባል። ጋኦና ሦስት፣ ሦስት።»

«የአያላስ?» ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

ኮሎኔሉ አንድ ቀይ ፋይል ከፈቱ። የሚያስቃቸው ነገር ሲያገኙ አፍንጫቸው ይሰፋል።

«አምስት። ሁሉም ላይ አምስት። ሁለት ገጽ ደግሞ አባሪ። በጎርፉ ዓመት እንዴት ሰው በጀርባህ ተሸክመህ እንዳወጣህ፣ ምን እንዳስተማርከው፣ ሌላም ሌላም። ስለ ኦርቲጎሳ ደግሞ ‹ትእዛዙን ተቀብዬ መነሳት አልነበረብኝም፤ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው› ይላል። ቀኑን አየህ? ኖቬምበር 7። አራተኛ መግባቱን ፈርሞ በማግስቱ ነው የጻፈው።» ፋይሉን ዘጉ። «የሱ ቢቆጠርልህ ዛሬ ሌተና ኮሎኔል ነበርክ። ግን ማን አራተኛ አስገባው?»

የተዘጋውን ፋይል አየሁ። እሳቸው ደግሞ ይህን ወደዱት።

«አንድ መንገድ አለ» አሉ ቆይተው። «መዛኙ እስከ ዲሴምበር 5 ምዘናውን ማንሳት ይችላል። ‹ተሳስቻለሁ፣ ፈቃድ ሰጥቼዋለሁ› ብለህ ትጽፋለህ። ሰውየው ይመለሳል፣ ነጥቡም ይቆጠራል። ግን አዲስ ፖስታ መስጠት አለበት፤ የድሮው ተሰርዟል። ታሽጎ፣ ተፈርሞበት። ፖስታው እስከዚያ ቀን ካልደረሰኝ ጉዳዩ ተዘጋ፣ የእሱም የአንተም።»

«በሱ ቦታ አራተኛ ማን ይገባል?»

«የሮሎን አጎት ትናንት ከሥልጣን ወርዷል» አሉ።

ዲሴምበር 1

ኮንሴፕሲዮን ሄጄ መጣሁ። ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

እነ ደርሊስ የሱኒልዳ አባት ቤት ነው ያሉት። አጥር ሲያጠብቅ አገኘሁት፣ ሸሚዙን አውልቆ። መዶሻውን አላስቀመጠም፣ ግን ግባ አለኝ። ሱኒልዳ ወንበር አመጣች፣ ቺፓ የሚሉትን የካሳቫ ዳቦ አቀረበች፣ ትኩስ ነበር። ሮሲዮ ከጓሮ ሮጣ መጣችና እጆቿን አጋጥማ «አባባ ባርከኝ» አለች፣ ሁልጊዜ እንደምትለው። ባረክኋት። ከዚያ ቀሚሷን ገልጣ የተሰፋውን ቦታ አሳየችኝ። «ሰባት ክር ነው» አለች። ቆጠርኩላት።

ልጅቱ ስትወጣ ነገርኳቸው። ተሳስቻለሁ፣ ምዘናውን ላነሳ ነው አልኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም አልኩ። ሱኒልዳ ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች። «እኔ ብዬው ነበር» አለች፣ «አበልጃችን ልቡ አያስችለውም፣ ይመጣል ብዬው ነበር።»

ደርሊስ ግን ምዘናውን የማነሳበትን ወረቀት ጠየቀ። ሰጠሁት። ሲያነብ የድሮ ጠባዩ ነው፤ ሁለት ጊዜ። አንቀጽ 17 የተጠቀሰበት ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

«ፖስታዬ አልተቆጠረም ነበር ማለት ነው» አለ።

«አልተቆጠረም።»

«አሁን ይቆጠራል።»

«አዎ።»

«እርስዎ ደግሞ ወድቀዋል።»

ሱኒልዳ ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ አየች። ነገሩ የገባት አልመሰለኝም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «የጻፍኩት መጥፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ይመጡ ነበር?»

«እመጣ ነበር» አልኩ። በደንብ ነው ያልኩት። ድምፄ አልተዛነፈም።

ብዙ አየኝ። ከዚያ ያመጣሁለትን አዲስ የነጥብ ቅጽና ፖስታ ይዞ ወደ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ሱኒልዳ አጠገቡ ቆመች። እስክሪብቶው ሲጽፍ ይሰማኛል። አጭር ነበር፣ በጣም አጭር። ባለፈው ሁለት ገጽ አባሪ የጻፈ ሰው! አጥፎ ፖስታው ውስጥ ከተተው፣ በሙጫ አሸገው፣ በማሸጊያው ላይ ፈረመበት።

«ይኸው» አለ። አበልጄ አላለኝም። እስከ መኪናዬም አልሸኘኝም፤ ወደ አጥሩ ነው የተመለሰው። ወደ ዋናው መንገድ እስክወጣ ድረስ መዶሻውን ሰማሁት። በኃይል ነበር የሚመታው።

ዲሴምበር 2

ፖስታው ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ማሸጊያው ከተነካ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ማየት አይቻልም።

ግን ማወቅ አያስቸግርም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ምን እጽፋለሁ? ስለ ሬዲዮው እጽፋለሁ። ስለ ፈቃዱ እጽፋለሁ። ፖስታው ሲደርስ እኮ እሱ ይመለሳል፣ የሚያጣው የለም። እኔን በአንድ እስክሪብቶ ሊጨርሰኝ ይችላል፣ ያውም በራሴ እጅ አሸክሞ። ለዚህ ነው አጭር የሆነው። ለእንዲህ ያለ ነገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። ለዚህ ነው እርስዎ ያለኝ።

ይህ ፖስታ ኮሎኔሉ ጋ ከደረሰ እኔ በሁለት ነጥብ የወደቅሁ ሻለቃ አልሆንም። ሰው የገደለ፣ በውሸት የመሰከረ ሻለቃ ነው የምሆነው። ወታደራዊ ፍርድ ቤት አለ። ጡረታ አለ። ኒሚያ አለች።

ዲሴምበር 4

አሁንም ጠረጴዛው ላይ። ዛሬ ሁለት ጊዜ ወደ ኮሎኔሉ ቢሮ ደረጃ ላይ ወጥቼ ተመለስኩ። ሁለተኛው ላይ ካታሊኖ አየኝ። «የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለኝ።

ዲሴምበር 5

ጠዋት ቆሻሻ የሚቃጠልበት በርሜል ውስጥ ጣልኩት። ቶሎ ነው የነደደው፤ ከውስጥ አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች።

እኩለ ቀን ላይ ለኮሎኔሉ ነገርኳቸው። «እምቢ አለ» አልኩ። «ሠራዊቱን ጠልቷል። ስድብም ተናገረኝ።»

«አያላ? ስድብ?»

«ሰው ይለወጣል፣ ኮሎኔል።»

ፋይሉን ዘጉት። ያዘኑ አይመስሉም። አራተኛ ዝርዝር እንደተሞላ ቀረ፤ ሮሎንም ተረፈ። ማታ ክበቡ ውስጥ ሲዘፍን ሰማሁት፣ መትረፉን እንኳ አያውቅም።

ለሱኒልዳ ቤት ስልክ ደወልኩ። አባቷ ናቸው ያነሱት። ቦርዱ አልተቀበለም በሏቸው አልኩ።

ዲሴምበር 18

የስንብት ደብዳቤዬ ደረሰ። ሁለት መስመር። ለሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቴ ያመሰግናል። ስሜን በአንድ ፊደል ስተውታል።

ኒሚያ ከካኩፔዋ ማርያም ክብረ በዓል በኋላ ከእህቷ ቤት አልተመለሰችም። ለገና እመጣለሁ ብላለች። ምናልባት ትመጣለች።

ዲሴምበር 21

ሱኒልዳ ደወለች። የመሰናበቴን ወሬ ሰምታ ነው። አዘነችልኝ። ድምጿ ላይ ፌዝ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም።

«ምን ጎደለው ብለው ነው ያልተቀበሉት?» አለች። «ደርሊስን ስጠይቀው አይመልስልኝም።»

«የቦርድ ነገር ነው። ምክንያት አይሰጡም።»

«እኔ እኮ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። አምስት አምስት ነው የሞላው፣ ሁሉንም። እንደ ድሮው። ‹ታሽጎ ነው የሚሄደው፣ አያየውም፣ ለምን እንደዚህ ትጽፋለህ› አልኩት፤ ተናድጄበት ነበር እውነቱን ለመናገር። ‹አሥራ አንድ ዓመት የማውቀውን ነው የሚጠይቁኝ፣ የአንድ ወር አይደለም› አለኝ። ያንን ሁለት ገጽ ግን አሁን አልጽፈውም አለ። ደከመኝ አለ።»

የስልኩን ገመድ በጣቴ ጠመጠምኩ። አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ።

«ጥሩ ሰው ነው» አልኩ።

«እርስዎም መጥተዋል እኮ፣ በዚያ ሙቀት፣ ያን ሁሉ መንገድ። አልረሳልዎትም። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምንም አይደል» አልኩ።

ከዚያ የደወለችበትን ነገረችኝ። ደርሊስ አንድ ከብት አርቢ ዘንድ የጥበቃ ኃላፊነት ሊያገኝ ነው። አርቢው ግን የሠራዊቱን ስንብት አይቶ ፈራ፤ የመጨረሻው አለቃው ስለ ጠባዩ የጻፈው ወረቀት ይምጣልኝ ብሏል። እስከ አዲስ ዓመት ይጠብቃል። «እርስዎ ይጽፉለታል ብዬ ነው» አለች። እጽፋለሁ አልኳት።

ዲሴምበር 26

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። ጥሩ ነው ብዬ ብጽፍ፣ ታዲያ ለምን አባረርከው ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል፤ ወረቀት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። መጥፎ ነው ብዬ አልጽፍም፣ እንደዚያ ያለ ሰው አይደለሁም።

ዲሴምበር 30

ሱኒልዳ ዛሬ ሁለት ጊዜ ደወለች። ኒሚያ መጥታለች፤ የለም በያት አልኳት። ኒሚያ ስልኩን አንስታ «አለ» አለች፣ ማነጋገሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና ወጣች።

ቆሜ አየሁት። የሱኒልዳ ድምፅ ከውስጡ ትንሽ ትንሽ ይሰማል፤ «ሃሎ» ትላለች፣ «አበልጅ» ትላለች።

እስክትዘጋ ጠበቅሁ።